ተነሺ ያለቻት ሴት

ትርሲት ጠዋት ጠዋት የእንጨት ሥራ ቤቷን ስትከፍት የዋንዛና የሙጫ ሽታ ተደባልቆ ይቀበላታል፤ እሷም መጀመሪያ እጅጌዋን ትሰበስባለች። በኢንሹራንስ ኩባንያው የሰው ኃይል መምሪያ ኃላፊ ሳለች የምትሰበስበው ሌላ ነገር ነበር፤ ድምፅዋን፣ ሳቋን፣ አንገቷን። አለቃ ሲስቅ እየሳቀች፣ ሲኮሳተር እየተኮሳተረች ወጣትነቷን እዚያ ጨረሰች። ለቅቃ አናጢ ስትሆን ዘመድ ሁሉ «አበደች» አለ። «ያበድኩትስ ያኔ ነበር» አለች እንጂ አንድም ቀን አልተጸጸተችም። ጎረቤቷ ብረት በያጁ ጋሽ ደምረው ብቻ «በርቺ ልጄ፣ እጅሽ ተፍታቷል» ይሏታል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የጠረጴዛ ገጽ እየላገች ሳለ፣ ከሰጋቱራው መሀል እርጥብ ምንጣፍ ሸተታት፤ የድሮ ቢሮዋ ሽታ። መላጊያውን አቆመች። ጋሽ ደምረውም ሥራ አቁመው ኖሮ በወደቀው ጸጥታ ውስጥ፣ ከግድግዳው ጀርባ፣ ባለ ተረከዝ የሴት ጫማ ቀስ እያለ ሲራመድ ይሰማል። ከዚያ ግድግዳ ጀርባ ግን ገደልና ወንዝ እንጂ መንገድ የለም።

ስልኳ ጠራ። የቀድሞ ባልደረባዋ ውብሸት ነው።

«ትርሲት፣ ጠዋት በስብሰባው ላይ ያልሽውን አስተካክያለሁ።»

«የምን ስብሰባ? ከለቀቅሁ ዓመት አለፈኝ እኮ!»

ሳቀባት። «ቀልዱን ተዪውና፣ ቢሮሽ ልምጣ?»

ሌላ ሰው ቢሆን ይፈራ ነበር። እሷ ግን ደሟ ፈላ። ሽርጧን ፈትታ ሚስማር ላይ ሰቀለችና በሩን እንኳ ሳትቆልፍ ወጣች።

የኩባንያው ሊፍት ወደ ላይ ሲወጣ ጆሮዋ ተደፈነ። ኮሪደሩ በጠራራ ፀሐይ ድንግዝግዝ ብሏል፤ በተዘጉት በሮች ጀርባ ብዙ ሰው አንድ ላይ ትንፋሹን የያዘ ይመስላል። የቢሮዋ በር ገርበብ ብሎ ነበር። በወንበሩ ላይ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ፣ ልክ እንደ ትርሲት ግራ ትከሻዋን ዘመም አድርጋ ተቀምጣለች።

«ያ ዕድሜ የኔ ነበር፤ ጨርሼዋለሁ!» አለች ትርሲት፣ ድምፅዋ ሳይሰበር። «በስሜ ማንም አይቀመጥበትም። ተነሺ!»

«እሺ፣ አንቺ ካልሽ» አለች ሴትዮዋ፣ በትርሲት ድምፅ።

ሳትከራከር ተነሣች። በአጠገቧ ስታልፍ ፊቷን አዞረች፤ ትርሲት ያየችው ከጆሮዋ ሥር ያለችውን ጥቁር ነጥብ ብቻ ነበር፤ እናቷ «ማርያም ስማሽ ነው» የምትላትን፣ የራሷን ነጥብ።

ትርሲት ባዶውን ወንበር በእግሯ ገፍታ ከግድግዳ አላተመችው። አንገቷን ቀና አድርጋ ወረደች። ከታች ዘበኛው ብድግ ብሎ እጅ ነሣት፤ ልብ አላለችውም። ድሉ እያሞቃት ወደ ሰፈሯ ተመለሰች።

ደጃፏ ስትደርስ ከውስጥ የመላጊያ ድምፅ ይሰማል፤ ረጅም፣ ንጹሕ፣ እጁ የተፍታታ ሰው አላላግ። ጋሽ ደምረው ከብየዳቸው ቀና አሉ፣ ጥቁር መነጽራቸውን አወለቁ፣ ለትልቅ የቢሮ ሰው እንደሚደረገው ጎንበስ ብለውም «ይግቡ እሜቴ፤ ትርሲት ውስጥ ናት» አሏት።