አንድ ድንጋይ ወደ ኋላ

ልብስ ሰፊዋ የጨርቅ ጣቃ ላወርድ ብላ መሰላል ላይ ወጥታ የወደቀችው፣ ገና ሙያዋ በሰፈሩ መነሳት በጀመረበት ዓመት ነበር። አጥንቷ ተጠገነ፤ እግሯ ግን መራመድን ረሳ። ሐኪሙ ከእንግዲህ የቀረው ሥራ የራሷ እንደሆነ ነግሮ ወደ ቤቷ ሸኛት። እሷም የስፌት መኪናዋን ፔዳል በሩቁ እያየች አልጋ ላይ ዋለች።

አናጺው የመጣው እናቷ ጠርታው ነው፤ ደጃፉ ላይ የእጅ መደገፊያ እንዲሠራ። በአንድ ጠዋት ሠርቶ ጨረሰ። መሄድ ሲገባው ግን ከቤት አንድ ወንበር አወጣና ግቢው በተነጠፈበት የመጀመሪያ ድንጋይ ላይ አስቀመጠው።

«እዚህ ድረስ ብቻ» አላት።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ትቀመጫለሽ። ሌላ ምን አለ?»

ደርሳ ተቀመጠች። ላብ በጀርባዋ ወርዶ ነበር። በማግስቱ ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ብቅ አለና ወንበሩን አንድ ድንጋይ ወደ ኋላ ሳበው። በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ። ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዞ መጣ፤ ጉንፋን ሲይዘው አንገቱን ጠቅልሎ መጣ። ከአንድ ድንጋይ በላይ ግን ስቦ አያውቅም።

«ዛሬ ደህና ነኝ፤ ሁለት አድርገው» ስትለው፣

«ነገ ደህና ባትሆኚስ?» ይላታል።

እናቷ በመስኮት አንገቷን አስግጋ፣ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል እሰማ ነበር እንጂ፣ እንቁላሏ ከኔ ቤት ትወጣለች ብዬ አላሰብኩም» ትላለች።

ቀጭን ስለሆነች አናጺው «መርፌ» ይላታል። ከወንበሩ ኋላ ቆሞ፣ ሁለት እጆቹን ዘርግቶ፣ «መርፌ፣ ቀና በይ» ይላታል። እጆቹ ነክተዋት አያውቁም፤ ግን እስክትቀመጥ ድረስ አይታጠፉም። እሷም ወደ ወንበሩ መራመዷን ትታ ወደ እጆቹ መራመድ የጀመረችው መቼ እንደሆነ አታውቀውም።

አናጺው ስለ ጅምር ነገር ማውራት አይወድም። ደንበኛ ሱቁ ገብቶ ምን እየሠራ እንደሆነ ሲጠይቀው፣ «ያልተላገ እንጨት አይወራም» ይላል። አልቆ፣ ተዳስሶ፣ ለእጅ ሳይሻክር ሲቀር ነው ስሙን የሚጠራው። እሷ ይህን አባባል ወደደችው። ከመጠን በላይ ወደደችው።

ወንበሩ የግቢው በር ላይ የደረሰ ዕለት አንድ ሐሳብ መጣላት። የአናጺው ሱቅ ዳገቱ ጫፍ፣ ከመታጠፊያው ማዶ ነበር። አንድ ቀን፣ ባላሰበው ሰዓት፣ በገዛ እግሯ ሄዳ በሩ ላይ ትቆማለች። የልቧንም ያን ጊዜ ትነግረዋለች።

«ከነገ ጀምሮ አትምጣ» አለችው።

ወንበሩን እንደያዘ ቆመ። «አጠፋሁ?»

«አላጠፋህም። ብቻ አትምጣ።»

ሳቋ እንዳያመልጣት ፊቷን አዞረች። እሱ ያየው የዞረውን ፊት ብቻ ነው።

ለእናቷም አልነገረቻትም፤ እናቷ ዘንድ ምስጢር አያድርም። ስለዚህ አናጺው በእጁ የጠረበውን ከዘራ በእናቷ በኩል ሲልክላት፣ «አልፈልገውም በይው» ብላ መለሰችው። ያለ ከዘራ ነበር መድረስ የፈለገችው።

«ምን አደረገሽ ይሄ ምስኪን?» አለች እናቷ።

«ምንም። መልሽለት ብቻ፣ እማ።»

ከዚያ በየቀኑ ወጣች። መጀመሪያ እስከ መብራት እንጨቱ፣ ሰንብታ እስከ ዳቦ ቤቱ፣ ቆይታ ደግሞ ዳገቱ እስከሚከብድበት። እግሯ ባበጠበት ቀንም፣ ልቧ በሰነፈበት ቀንም፣ በእሱ ድምፅ «እዚህ ድረስ ብቻ» እያለች ካለፈው ቀን ትንሽ አለፍ ትላለች። ክረምቱ ገብቶ ወጣ።

አንድ ጠዋት መታጠፊያውን አለፈች።

ሱቁ ክፍት ነበር። አናጺው ጎንበስ ብሎ አንድ ሰፊ አልጋ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል። ቀና ሲል መጀመሪያ ያየው ፊቷን ሳይሆን እግሯን ነው።

«መርፌ» አለ።

«ያለ ምንም ድጋፍ» አለች እያለከለከች። «ዳገቱን በሙሉ።»

ፈገግታው ፊቱ ላይ ጀምሮ ሳይጨርስ ቀረ። አልጋውን ልብ ብላ ያየችው ያኔ ነው።

«የማን ነው?»

መዳፉን በራስጌው ላይ አሳለፈ፤ እንጨቱ አልሻከረም።

«ተልጎ አልቋል፤ መናገር እችላለሁ» አለ በዝግታ። «የኔ ነው። የማገባትን ልጅ ያገኘችልኝ አክስቴ ናት። ደህና ልጅ ናት። ቃል ሰጥቻለሁ።»

ከወለሉ ላይ ንፋስ ፍቅፋቂውን አነሳና መልሶ ጣለው።

«ከዘራውን ስትመልሺው…» አለ።

«ያለ እሱ ልመጣ ነበር።»

«ስትራመጂ ያዩሽ ነግረውኛል። ድናለች፣ ከእንግዲህ አናጺ ምን ያደርግላታል አልኩ።»

«ወደ አንተ እኮ ነበር የምራመደው።»

«ምነው አንድ ቃል ብትነግሪኝ?»

ያልተላገ እንጨት የሚለውን የራሱን አባባል ልትመልስለት አፏን ከፈተች፤ አልቻለችም። ሳትናገረው ገባው። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ቁጭ በይ እስቲ፤ ደክሞሻል» ብሎ ወንበር አመጣላት። ወደ ወንበሩ ተራመደች። ልትደርስ ስትል እጁ፣ ሳያውቀው፣ ወንበሩን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሳበው።

ሁለቱም አዩት። እጁ ወንበሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

«ዛሬስ አልቀመጥም» አለች። «ከተቀመጥኩ አልነሳም።» በሩ ጋ ደርሳ መለስ አለች። «አልጋው ያምራል። መልካም ይሁንላችሁ።»

ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረደችው አታስታውስም።

በማግስቱ አልተነሳችም። የስፌት መኪናው እንደተከደነ፣ እሷም ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች ረፈደ። እናቷ አናጺው ሊያገባ መሆኑን ከጎረቤት ሰምታ ነበር፤ ግን በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አልተናገረችም። ግቢው ውስጥ የሚጎተት ነገር ተሰማ። ከዚያ በሩ ተከፈተ፤ እናቷ ያን ወንበር አስገብታ ከአልጋው አንድ እርምጃ ራቅ አድርጋ አቆመችው። ከኋላውም ሆና እጆቿን ዘረጋች።

«እማ፣ ተይኝ።»

«ትቼሻለሁ» አለች እናቷ። «እዚህ ድረስ ብቻ።»

ልብስ ሰፊዋ ፊቷን ከግድግዳው መለሰች። ከዚያ እግሯን ከአልጋው አወረደች።