ስድስተኛው ጉድጓድ

አቶ ሃብተአብ «ከዚህ ቤት የምወጣው በቃሬዛ ነው» ማለት ያበዙ ነበር። የካዛንቺስ ጎረቤቶቻቸው አንድ በአንድ ሸጠው ሲሄዱ፣ እሳቸው አሮጌ ቪላቸውን የፊልም ሥራ ቤት አድርገው ለገዢ ሁሉ በር እየዘጉ ኖሩ። በዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ አንድ እሑድ ጠዋት፣ ቃሬዛው እውነትም መጣ።

የተገኙት በዕቃ ክፍሉ ውስጥ፣ ከጠረጴዛው አጠገብ በጀርባቸው ወድቀው ነው። ደረታቸው ላይ አንድ ቁስል፣ ከቀኝ እጃቸው አጠገብ ደግሞ አፈሙዘ ረጅም ሽጉጥ ነበር። ክፍሉ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ያገኟቸው ከቅዳሴ የተመለሱት ባለቤታቸው ወይዘሮ ለተገብርኤል ናቸው። ተኩሱን የሰማ ጎረቤት አልጠፋም፤ ግን በዚያ ሰፈር ዘንድሮ ግድግዳ ሲፈርስ የማይሰማበት ቀን ስለሌለ ዞር ብሎ ያየ የለም።

ኢንስፔክተር ወለተማርያም ስትደርስ አለቃዋ ኮማንደር ገብረዋህድ ጉዳዩን ጨርሶት ነበር። ኮማንደሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ችኩል ነው፤ ችኩል ሰው ሥልጣን ሲይዝ ግን ከክፉ የሚለየው በጥቂቱ ነው።

«አደጋ ነው» አላት። «መሣሪያውን የምትይዘው ልጅ አጉርሳ ትታዋለች፤ ሽማግሌው ሲነካኩት ባረቀባቸው። ጥፋቴ ነው ካለች ዛሬውኑ እንዘጋዋለን።»

«አለች?»

«እያግባባናት ነው።»

«እንግዲያው እስክትግባባ እኔ ልይ» አለች ወለተማርያም። ጣቢያ ውስጥ «ደረቋ» ይሏታል። እሷም እንደ ስድብ ቆጥራው አታውቅም።

ልጅቷ ሲምረት ትባላለች፤ የቡልጋሪያ ሰፈር ልጅ ናት፤ የፊልሙን መሣሪያዎች የምትጠብቀውና ተዋናዮቹን የምታሠለጥነው እሷ ናት። ግቢው መሃል በሁለት ፖሊሶች መካከል አስቀምጠዋታል። በር ላይ የተሰበሰበው ጎረቤት «ገዳይዋ ያቺ ናት» እያለ በጣት ያሳያታል። የሟቹ የወንድም ልጅ ታዲዎስ፣ ኮትና ክራባቱን አሳምሮ፣ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብሏል።

«ሲምረትዬ፣ ቸልተኝነት እኮ ነው፤ ማንም ይሳሳታል። ጠበቃውን እኔ እይዝልሻለሁ። በቃ፣ ጥፋቴ ነው በይና እንገላገል።»

«ያላጠፋሁትን አላምንም።»

«ለራስሽ ብዬ ነው።»

«እኔም እምቢ የምለው ለራሴ ብዬ ነው።»

ቸልተኝነት ሰው ከገደለ እስር አለው፤ ልጅቷ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ድምጿ ግን አልተንቀጠቀጠም። ወለተማርያም ይህን ወደደችው፤ ጠርታም ወደ ዕቃ ክፍሉ ይዛት ገባች። አስከሬኑን ቀድማ አይታው ነበር፤ አሁን ተነስቷል። ሽጉጡ፣ የባሩድ መያዣው፣ አረሮቹና ትንንሽ የመዳብ ቆቦች ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ላይ ተደርድረዋል።

«ይሄ ነገር የድሮ ነው?»

«ሥራው አዲስ ነው፤ ማለቴ፣ አሠራሩ ነው የድሮ። ለፊልሙ በፈቃድ ያስገባነው ነው። እንደ ዘመኑ ሽጉጥ ካዝና ሰክተው አይተኩሱበትም። ይሄ ተሽከርካሪ ስድስት ጉድጓድ አለው፤ እያንዳንዱ በእጅ ነው የሚሞላው። መጀመሪያ ባሩድ፣ ከላዩ ድቡልቡል አረር። አረሩ ከጉድጓዱ ትንሽ ይወፍራል፤ በመጠቅጠቂያው ተገፍቶ ሲገባ ዙሪያው ይላጭና እንደ ቀለበት ያለ ቀጭን እርሳስ ይወድቃል። ከዚያ የጉድጓዱ አፍ በቅባት ይደፈናል።»

«ቅባቱ ለምንድን ነው?»

«ካልተደፈነ የአንዱ እሳት ወደ ጎረቤቱ ይዘላል፤ ሁሉም እጅ ላይ ይፈነዳል። በመጨረሻ ከኋላ የመዳብ ቆቧ ትደረጋለች። መቺው እሷን ሲመታ ነው የሚተኩሰው። ሞልቶ ለመጨረስ ጊዜ ይፈጃል፤ እጅም ጥላሸት ይሆናል። ሲተኮስ ደግሞ በጣም ያጨሳል፤ የባሩዱ ጭስ ነው እንዲህ የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው።»

«ስድስቱንም ትሞያለሽ?»

«አምስቱን ብቻ። መቺው የሚያርፈው ባዶው ጉድጓድ ላይ መሆን አለበት፤ አለዚያ ቢወድቅ ይባርቃል። የመጀመሪያ ቀን፣ በቅበላው ቅዳሜ፣ ከከተማ ውጭ የተፈቀደልን ሜዳ ላይ ስድስቱንም ሞልተን እዚያው ተኩሰን ጨርሰናል። የባዶውን ነገር ያስተማርኩት ጾም ከገባ በኋላ፣ መሣሪያውን ታጥቆ መሮጥ ሲመጣ ነው።»

ወለተማርያም ጨርቁን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛ አገላበጠችው። ከዚያ ሽጉጡን በጓንት አነሳች። አንዱ ጉድጓድ ተተኩሷል። አምስቱ እንደጎረሱ ናቸው። የአንዱን አፍ በክብሪት እንጨት ጫር አድርጋ አሸተተች።

«ሞራ ነው።»

«ሞራ?» ሲምረት ክው አለች። «አይሆንም። ጋሽ ሃብተአብ ጾም ሊገባ ሲል ‹ይህን ሞራ ከቤቴ አውጡልኝ› ብለው አስወጡት። ከዚያ ወዲህ የምንጠቀመው የጧፍ ሰም በሰሊጥ ዘይት አቅልጬ ነው። ያውና፣ ሳጥኑ ውስጥ።»

በብረት ሳጥኑ ውስጥ አንድ የጫማ ቀለም ቆርቆሮ ነበር። ወለተማርያም ከፈተችው፤ ሰም ሰም ሸተተ።

«የሳጥኑ ቁልፍ ማን ጋር ነው?»

«አንዱ እኔ ጋር። አንዱ የጋሽ ሃብተአብ ነው፤ መኝታ ቤት ምስማር ላይ ይሰቀላል፤ ቤተኛ ሁሉ ያውቀዋል። ዓርብ ሽጉጡን ባዶውን አጽድቼ ነው የቆለፍኩበት።»

የሞራው ነገር ኮማንደሩ ጆሮ ሲደርስ ወዲያው ሐሳቡን ቀየረ፤ ለመቀየር ያህልስ ፈጣን ነው። በቤቱ የማይጾም አንድ ሰው ብቻ አለ፤ ዋናው ተዋናይ ኪዱ። ከላንቻ፣ ከእንቅልፉ አስነስተው አመጡት። ባለፈው ሳምንት ከሽማግሌው ጋር ሲጨቃጨቅ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል።

«ዶሮ በላሁ እንጂ ሰው አልገደልኩም» አለ ኪዱ፣ ገና ሳይጠየቅ። «አረፈድክ ብሎ ነው የጮኸብኝ። ፋዘር ዓርብ ዓርብ ያባርረኛል፣ ሰኞ ሰኞ ይጠራኛል። እኔን ማንም እንደሱ አልጠራኝም።» ፊቱን በእጁ ጠረገ።

«ይህን የጫማ ቀለም ታውቀዋለህ?» ወለተማርያም ቆርቆሮውን አሳየችው።

«የሲምረት ሰም ነው ባክሽ። በየልምምዱ እጄ ላይ ተጣብቆ ያስቸግረኛል።»

ቀጥላ ታዲዎስን አስገባችው። ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ይኖራል፤ የአጎቱን ሥራ ቤት በሥራ አስኪያጅነት ይመራል። ልጅ ያልነበራቸው አጎቱ ቤቱን በእሱና በወይዘሮ ለተገብርኤል ስም እንደተናዘዙ ራሱ ነው የነገራት፤ የሚደብቅ ሰው እንዳልሆነ ለማሳየት።

«ጠዋት የት ነበሩ?»

«ቂርቆስ፣ ቅዳሴ። እትዬ ለተገብርኤልም እዚያው ነበሩ። አጎቴ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ቀሩ። ስልክ ሲደወልልኝ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መጣሁ፤ ጾመኛ ነኝ፣ ውሃ እንኳ አልቀመስኩም።»

«ሽጉጡን ያውቁታል?»

«በቅበላው ቅዳሜ አንድ ቀን አይቻለሁ፤ ከዚያ አልደረስኩበትም። እኔ መሣሪያ እፈራለሁ።»

«ይሄስ ምን ያደርጋል እዚህ?» ቆርቆሮውን ከሳጥኑ አነሳች።

ታዲዎስ ትከሻውን ነቀነቀ። «ቀለም ነው። የተዋናዮቹን ጫማ ይቀቡበት ይሆናላ።»

ወለተማርያም ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ አመስግናም ሸኘችው።

ከምሳ በፊት ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ወይዘሮ ለተገብርኤል ነጠላቸውን መስቀለኛ እንዳጣፉ ሶፋው ጥግ ተቀምጠዋል። ኪዱ ግድግዳ ተደግፏል። ሲምረት ከፖሊሶቹ መካከል ነች። ታዲዎስ ከኮማንደሩ ጎን ተቀምጧል፤ ኮማንደሩም ሰዓቱን ያያል።

«ቶሎ በይ» አላት።

«ቶሎ ብለን ነው እዚህ የደረስነው» አለች ወለተማርያም። «ጠረጴዛውን ያየ ሰው አቶ ሃብተአብ ራሳቸው ሲያጎርሱ ባረቀባቸው ይላል። ጨርቅ አለ፣ ባሩድ አለ፣ አረር አለ። ግን ጨርቁ ላይ አንድም የእርሳስ ቀለበት አልወደቀም። የሟቹ እጅም ከጥላሸት ንጹሕ ነው። ጠረጴዛው ላይ ቅባት የሚባል ነገር የለም። ሽጉጡ እዚያ አልተሞላም። ሌላ ቦታ ተሞልቶ መጥቷል፤ ጠረጴዛው የተደረደረው ለእኛ ነው።»

«ሲምረት ዓርብ ሞልታ ትታው ቢሆንስ?» አለ ኮማንደሩ።

«ሲምረት አምስት ነው የምትሞላው። አንዱ ተተኩሶ አምስት ቀርቷል፤ ስለዚህ ስድስቱም ሞልተው ነበር። ሲምረት በሰም ነው የምትደፍነው። ይሄ በሞራ ነው የተደፈነው። እሷን መክሰስ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።»

«ያልኩትም ይሄንኑ ነው» ኮማንደሩ ወደ ኪዱ ዞረ። «በጾም ሞራ የሚነካ እሱ ነው።»

«እኔም ለአፍታ እንደዚያ አስቤ ነበር። ግን ኪዱ የሚበላው ሌላ፣ የሚሠራበት ሌላ ነው። ጾም ከገባ ጀምሮ በየልምምዱ እየመጣ በሰም ደፍኗል፤ አምስት መሙላትም ተምሯል። ሰሙ እሳጥኑ ውስጥ እያለለት ሞራ ፍለጋ ምን አስኬደው? ይህን የሞላው ሰው ስድስት ሞላ፤ በሞራ ደፈነ። የሚያውቀው የቅበላውን ትምህርት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ልምምዱ ዘንድ አልደረሰም። ሰሙን አይቶ እንኳ የጫማ ቀለም ነው ብሎ አልፎታል።» ወደ ወይዘሮ ለተገብርኤል ዞረች። «እማማ፣ ጾም ሊገባ ሲል ያን የሞራ ቆርቆሮ ከቤት ማን አወጣው?»

ሴትዮዋ ነጠላቸውን ወደ አገጫቸው ሳቡ። ጥያቄው ወዴት እንደሚወስድ ገብቷቸዋል።

«ታዲዎስ ነው» አሉ። «ስሄድ እጥለዋለሁ ብሎኝ እኔው በእጄ ሰጠሁት።»

«ጣልኩት እኮ» አለ ታዲዎስ። «ጠዋት ደግሞ ቅዳሴ ነበርኩ፤ እትዬ ያውቃሉ።»

«አብረን ገባን እንጂ አብረን አልወጣንም። የወንዱ በር ሌላ፣ የእኛ በር ሌላ» አሉ ሴትዮዋ፤ ቀና ብለው አላዩትም።

«ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መጣሁ ብለውኛል» አለች ወለተማርያም። «ነጠላዎ የት አለ?»

ታዲዎስ ሳያስበው ትከሻውን ዳበሰ። «መኪና ውስጥ።»

«ቁልፉን ይስጡኝ።»

«ማዘዣ አለሽ?»

«አዛዤ አጠገብዎ ተቀምጧል። ይጠይቁት።»

ኮማንደር ገብረዋህድ የሁሉንም ዓይን ፊቱ ላይ አየ። ስህተት ላይ መቆየትም ጊዜ እንደሚወስድ የገባው ይመስላል፤ ለታዲዎስ እጁን ዘረጋ። ፖሊሱ ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ሁለት ነገር ይዞ ተመለሰ፦ የተጠቀለለ ነጠላና ግማሽ የቀረው የሞራ ቆርቆሮ። ነጠላው ሲዘረጋ ጫፉ ግራጫ ጥላሸት ጠጥቷል፤ የእሳት ፍንጣሪም በሳስቶታል። የተበላሸ እንቁላል ሽታው ሳሎኑን ሞላው።

«የዘመኑ ሽጉጥ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላጨሰብህ» አለች ወለተማርያም። አንቱታው እዚህ ላይ ቀረ። «ቁልፉን ከምስማሩ ወስደህ፣ ሽጉጡን ቤትህ ሞልተህ መጣህ፤ አጎትህ ፊት ልትሞላው አትችልማ። ከቅዳሴ ሾልከህ ተኮስክባቸው፤ ዕቃውን ደርድረህ ወጣህ። ጥፋቱን ለዚህች ልጅ ተውክላት፤ ጠበቃ እይዝልሻለሁ እያልክ።»

«በጾም ሞራ ነካህ?» ወይዘሮ ለተገብርኤል ያሉት ይህን ብቻ ነው፤ ድንጋጤ አፋቸውን ይዞት ከትልቁ ኃጢአት ትንሹ ቀደመባቸው።

«እናቴ፣ ጾሙን ያስፈታው ሞራው አይደለም» አለች ወለተማርያም በቀስታ።

ታዲዎስ ተነሳ፤ ፖሊሶቹ ያዙት። «ሁሉም ሸጦ ሰው ሆነ» አለ። «እኛ ብቻ ድንጋይ ታቅፈን ቀረን። እለምነዋለሁ፣ በቃሬዛ እወጣለሁ ይለኛል። እትዬ፣ እርስዎ እንኳ ይሽጡት። ለማን ብለው ነው የሚይዙት?»

«ለእልሄ» አሉ ሴትዮዋ። «እኔም አልሸጥም። ሂድ ከፊቴ።»

በጓሮ በር ወሰዱት። ኮማንደሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሲምረት፣ በቃ፣ ነጻ ነሽ። መሄድ ትችያለሽ።»

ሲምረት አልተነሳችም።

«ጠዋት ያ ሁሉ ሰው ‹ገዳይዋ ያቺ ናት› ሲል ኮማንደር አጠገቤ ቆመው ነበር። ዝም አሉ። አሁንም በር ላይ ናቸው። ይውጡና ይንገሩልኝ።»

«ነገ መስማታቸው አይቀርም እኮ።»

«እስከ ነገ ወሬው ቡልጋሪያ ይደርሳል፤ እናቴ እዚያ ናት። በሰው ፊት ያጎደፋችሁትን ስሜን በሰው ፊት ትመልሱልኛላችሁ። እስከዚያ ከዚህ ወንበር አልነሳም።»

ኮማንደሩ አግባቢያት በሚል ዓይን ወለተማርያምን አያት። እሷ ወንበር ስባ ከልጅቷ ጎን ተቀመጠች። ኪዱም ከግድግዳው ተላቅቆ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ወይዘሮ ለተገብርኤል ከመጀመሪያውም ተቀምጠዋል።

ኮማንደር ገብረዋህድ ቆቡን አደረገ፤ አወለቀው፤ መልሶ አደረገው። ከዚያ ወደ በሩ ወጣ። የሳሎኑ መስኮት ክፍት ስለነበር ድምፁ ይሰማል።

«ይህች ልጅ ምንም ጥፋት የለባትም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ከኋላ የቆሙ አንዲት አሮጊት «እዚህ አልተሰማም ልጄ፣ ጮክ በል» አሉት።

ኮማንደሩ ጮክ ብሎ ደገመው። ሲምረት ተነስታ፣ ቀሚሷን አራግፋ፣ በዋናው በር ወጣች።