ሣሩ ወደ ታች

«አንቺ ሙድ ያዢብኝ፤ እኔ ግን የምሬን ነው። ትምህርት ከዚህ ወዲያ የለም» አለች ጥድፊያ፣ መጽሐፏን እንኳ ሳትገልጥ።

ጭምት ሙድ አልያዘችም። አንድ ዴስክ ላይ ለሚቀመጡት ለሁለቱ ልጆች ስም ያወጣላቸው ክፍሉ ነው። አንደኛዋ አፏም እግሯም ስለሚቸኩል ጥድፊያ፤ ሌላዋ በመንጠቆ ካልጎተቷት ቃል ስለማይወጣት ጭምት።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ትናንት የውሃ ተራችን ነበር። እማዬን ሲያተኩሳት ስላደረ ጎህ ሳይቀድ እኔ ወረድኩ። የማሳችንን አፍ ከፈትኩ፣ ውሃው መግባቱን አየሁና ትንሽ አረፍ ልበል ብዬ እንቅልፍ ጣለኝ። ስነቃ ማሳው ደረቅ! ውሃው በቦዩ ቁልቁል ይነጉዳል። ለካ ሣር ያለበት ጓል ተንዶ አፉን ደፍኖታል። ደግሞ ግልብጥ ብሎ፣ ሣሩ ወደ ታች። ጎትቼ ሳወጣው ተራችን አልቋል።»

«ለውሃ ዳኛው አልነገርሽውም?»

«‹ውሃ የተኛ ሰው አይቀሰቅስም› አለኝ። እማዬማ ምንም አላለችኝም፤ ብትገርፈኝ ይሻለኝ ነበር። ስንዴው ወተት እየያዘ ነው፤ እስከሚቀጥለው ተራ ከቆየ ገለባ ነው። ያኔ ከተማ አክስቴ ጋ ሄጄ ሰው ቤት እገባለሁ። እሷና እማዬ ተነጋግረው ጨርሰዋል አቦ።»

የጭምት እጅ እርሳሱን እንደያዘ ቀረ። በዚያ ቦይ ላይ ውሃ የሚያጠጣው ሁሉ ማሳውን የሚዘጋው በድንጋይና በጭቃ ነው። ጓሉን ገልብጦ፣ ሣሩን ወደ ታች አድርጎ በተረከዙ የሚጠቀጥቅ አንድ ሰው ብቻ ነው። «ሣሩ ጭቃውን ይነክሰዋል፤ ውሃ አይነቅለውም» ብሎ ያስተማራት አባቷ። ትናንት ማለዳ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሶ ሲገባ «ጤዛ ነው» ብሏት ነበር። በዚያ ድርቅ ጤዛ ካዩ ቆይተዋል።

አባቷ ክፉ ሰው ሆኖ አልተፈጠረም፤ ያከፉት አሉ። ሰማዩ ቃሉን ማጠፍ ሲጀምር፣ ክረምቱ ዘግይቶ እየመጣ ቶሎ ሲሄድ፣ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ከወንዙ እስከ ሜዳው ቦይ ቆፈረ። ዝናብ ብቻ ይጠብቅ የነበረው ስንዴ ቆሞ ሲነድ፣ ቦዩ የደረሰው ለፍሬ በቃ። በቁፋሮው ሰሞን ግን እናቷ ሆስፒታል ተኝታ ነበር፤ አባቷ አልጋዋ ሥር ሰነበተ። አካፋውን ተሸክሞ ሲደርስ ቦዩ አልቋል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለ አንዱ፤ ሁሉም አካፋውን ተደግፎ ሳቀ። ሚስትህ እንዴት ናት ያለው የለም። ማሳውን ከቦዩ መጨረሻ ላይ መደቡትና ስሙንም «ጭራው» አሉት። ያን ተረት የተረተው የጥድፊያ አባት ነበር። እሱ ሞቶ ተቀበረ፤ ተረቱ ግን ከአባቷ ጋር እየበላ እየጠጣ ኖረ።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ አባቷ ማጭዶቹን በማዳበሪያ ጠቅልሎ ደጃፍ ቆሟል።

«ቀጥቃጩ ጋ ደርሼ ላስስላቸው። ዛሬ ተራው የኛ ነው፣ ውሃውን አንቺ ጠብቂ።»

«አባዬ፣ ማሳው እኮ ገና እርጥብ ነው።»

«ይርጠብ።»

«ዛላው ከብዷል። መሬቱ ከራሰ ነፋስ ይጥለዋል።»

«ይሄንንም አስተማሪሽ ነገረሽ?»

«አንተ ነህ የነገርከኝ።»

አባቷ ማዳበሪያውን ከትከሻ ወደ ትከሻ አዛወረ።

«የእነ ጥድፊያ ደርቋል» አለች፣ መሬት መሬት እያየች።

«የኔ ሲደርቅ ማን አየልኝ? ጭራ ነህ ሲሉኝ ማን ተው አለ? ተራዬ ነው፤ ብፈልግ ለእንቁራሪት አፈሰዋለሁ።» ብሎ ሄደ።

ጭምት አካፋዋን ይዛ ወረደች። የነሱ ስንዴ ጥግብ ብሎ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል፤ ሥሩ ሲረገጥ ጭቃው ጫማ ይይዛል። ከድንበሩ በላይ ያለው የእነ ጥድፊያ ማሳ ግን ቅጠሉ ተጠቅልሎ እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል። አንድ ፍሬ ፈልቅቃ በጥፍሯ ተጫነችው። ጠብ ያለ ወተት የለም።

ውሃው በቦዩ መጣ። የምታደርገውን መርጣ ሳይሆን እጇ ቀድሟት ነበር ማለት ይቀላል፤ ግን መርጣ ነው። የእነ ጥድፊያን ማሳ አፍ ከፈተች። ከዚያ ዝቅ ብላ፣ ወደ ጭራው የሚወርደውን ቦይ ለመዝጋት ሣር ያለበትን መሬት በአካፋ እየቆረሰች ደረደረች፤ ሣሩን ወደ ታች አድርጋ በተረከዟ እየጠቀጠቀች። ሌላ አዘጋግ አታውቅም።

«አንቺ፣ አበድሽ እንዴ?» ጥድፊያ እየሮጠች ደረሰች። «ተራው የናንተ ነው!»

«የናንተ ነው። የትናንቱ።»

«እኔ ተኝቼ ያሳለፍኩትን...»

«ተኝተሻል። አፉን የደፈነው ግን እንቅልፍሽ አይደለም።»

ጥድፊያ ጓሎቹን አየች። የተገለበጡትን፣ በተረከዝ የተጠቀጠቁትን። ከዚያ ጭምትን አየች።

አባቷ የተሳሉትን ማጭዶች ይዞ በድንበሩ ሲመጣ ሁለቱም አዩት። አንዳቸውም አልሸሹም። መጥቶ ከግድቡ ራስጌ ቆመና ውሃው ወዴት እንደሚሄድ አየ። ፊቱ ጠቆረ።

«ማን አዘዘሽ?»

«ማንም» አለች ጭምት። አካፋዋን መሬት ላይ ተከለችው። «አባዬ፣ ለውሃ ዳኛው ልነግረው ነው። ለእማዬ ብለህ ከቁፋሮው እንደቀረህም እነግረዋለሁ፤ እሱንም ማንም ነግሮት አያውቅም። አብረኸኝ ብትመጣ ደስ ይለኛል።»

አባቷ ወደ ግድቡ ጎንበስ አለ። ከግድቡ ጥግ ቀጭን ውሃ ሾልኮ ወደ ራሱ ማሳ መውረድ ጀምሯል። እሱን ትክ ብሎ አየው። ማጭዶቹን አስቀመጠ፤ ሱሪውን ሰብስቦ ወደ ቦዩ ገባና በተረከዙ ጥጉን ረገጠ።

«ጥጉን አላጠበቅሽውም» አለ፣ ቀና ሳይል።

የሾለከው ውሃ ቆመ። እሱም እዚያው እንደቆመ ቀረ፤ እግሩን ቢያነሳ ይፈስሳል። ጭምት ትንሽ ጠበቀችው። ከዚያ አካፋዋን በሣር ጠርጋ፣ የቦዩን ዳር ይዛ ወደ ውሃ ዳኛው ቤት ሽቅብ መራመድ ጀመረች።