በሞቴ ብዬ ያስጠጣሁት

ይህን የምጽፈው ለጨዋታ አይደለም። የሆነው በእኔው ላይ ነው፤ የሚያምን ይመን።

ወሩ ግንቦት ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ። ቦታው ሂማላያ፣ የሁለተኛው ካምፕ ማብሰያ ድንኳን።

ያንግጂ እባላለሁ። ልጄ ጃንግቡ ፈረንጆችን ተራራ እየመራ ያወጣል። በመሪነት የመጀመሪያ ጉዞው ስለነበር ምግብ አብሳይ ሆኜ ተከተልኩት። የመንደሩ ሰው ሳቀብኝ። ይሳቅ። ከዚያ ተራራ ያልተመለሱትን እኔ በስም አውቃቸዋለሁ።

ያን ቀን ጃንግቡ አራት ፈረንጆች ይዞ ከሦስተኛው ካምፕ እየወረደ ነበር። ሌሎቹ አብሳዮች በጠዋት ወርደዋል። ብቻዬን ነኝ።

ነፋሱ በድንገት ተነሳ።

ከዚያ... ሁሉም ነገር ነጭ ሆነ።

የመገናኛ ሬዲዮው ተንሿሿ።

«እማ፣ እየቀረብን ነው።»

«ጣቶችህ ደህና ናቸው?»

«አስሩም አሉ። እስካሁን ስንቴ ቀበርሽኝ? ይልቅ ሾርባውን አሙቂ!»

ተቋረጠ።

ድስቱን ጥጄ ዞር ስል... ልጄ በሩ ላይ ተቀምጧል።

የድንኳኑ በር ዚፕ ሲከፈት አልሰማሁም። ነፋሱ ነው አልኩ።

«ፈረንጆቹስ?»

«ይመጣሉ።»

ትከሻው ላይ በረዶ አለ። ምድጃው አጠገቡ ይንቦገቦጋል...

በረዶው አይቀልጥም።

የቅቤ ሻይ ቀዳሁለት። ኩባያውን በመዳፉ ከደነው።

«ይቅርብኝ።»

ደነገጥኩ። በእኛ በሼርፓዎች ዘንድ መጀመሪያ እንቢ የሚለው እንግዳ ነው። የቤቱ እመቤት ትለምነዋለች፤ በሦስተኛው ይቀበላል። ልጅ ግን በእናቱ ሻይ አይግደረደርም። ጃንግቡማ ከእጄ ነጥቆ ነው የሚጠጣው።

አፌ ግን ልማዱ ቀደመው።

«ጠጣ እንጂ።»

«ይቅርብኝ።»

«በሞቴ!»

«በሞትሽ?» ብሎ ፈገግ አለ። ተቀበለኝ። እስኪጨርስ አንዴም አልተነፈሰም።

ሬዲዮው ጮኸ።

«እማ! ደርሰናል። ዚፑ በረዶ ሆኗል፣ ከውስጥ ግፊልን! አንዱ ፈረንጅ መቆም አቅቶታል።»

የጃንግቡ ድምፅ ነው።

በሩ ላይ የተቀመጠው ቀና አለ።

«አትክፈቺ...» አለኝ በሹክሹክታ። በዚያው ድምፅ።

ዚፑ ከጀርባው ነው። በረዶው ከውስጥም ግግር ሠርቶበታል። ማንም በዚያ አልገባም።

«እማ? ማነው ውስጥ የሚያወራው?»

«እንግዳ... አለብኝ።»

«እዚህ የምን እንግዳ? እማ፣ ጣቶቼ ደንዝዘዋል!»

ለምኜ ያስጠጣሁትን እንዴት ብዬ ውጣ ልበለው? በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ተብሎ አያውቅም። እሱም ያወቀው ይመስል እግሩን ዘርግቶ በሩን ሞላው።

«ተቀመጪ» አለኝ። «እኔ አለሁልሽ አይደል?»

ቢላዋዬን አነሳሁ።

ወደ እሱ ሳይሆን ወደ ኋላ ዞርኩ። የድንኳኑን ሸራ ከላይ እስከ ታች ቀደድኩት።

«በዚህ! በጀርባ በኩል!»

አንድ ፈረንጅ... ሁለት... ሦስት... አራተኛውን ልጄ እየጎተተ አስገባው። ፊቱን በሁለት እጄ ያዝኩ። በረዶው በጣቶቼ መሃል ቀልጦ ወረደ።

የኔ ልጅ ነው።

በሩ ላይ ማንም የለም።

ጃንግቡ ግን በቀዳዳው ወደ ውጭ አፍጥጧል።

«እማ... ያቺ ማን ናት?»

ነጩ ለአፍታ ተገልጦ ነበር። ያ ሻይ ያጠጣሁት ያለ ገመድ ሽቅብ ይወጣል። አንዲት ሴት እጇን ይዞ ይጎትታል። እንደ እኔ ግራ እግሯን ታነክሳለች። የታጠቀችው ባለ መስመሩን ሽርጤን ነው።

ወገቤን ዳበስኩ። ሽርጤ አለ።

ሴትየዋ ወደ እኛ ዞረች፤ ፊቷ የእኔው ነው። እጇን ልታስለቅቅ ትታገል ነበር...