ስምንት በመቶ

«ስምንት በመቶ፤ እሱም ከበዛልህ ነው» አለ ወንድሟ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ዘንበል አድርጎ።

እሷ ከጠረጴዛው ወዲያኛው ጫፍ የሳይንስ የቤት ሥራዋን ዘርግታ ትሰማለች። ወንድሟ በኮምፒውተር ሳይንስ ከተመረቀ ወዲህ ሥራው ይኸው ሆኗል፤ የሰው የማስተርስ ዕድል መገመት። ጓደኞቹ ውጤታቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ እሱ አገጩን እያሻሸ አንዱን «ስልሳ በመቶ»፣ ሌላውን «ባትለፋ ይሻላል» ይላል። «ገማቹ» ብለው ሲጠሩት ደረቱ ይነፋል። በምን እንደሚገምት አንድ ቀን ብትጠይቀው «ልምድ ነው» አላት። የምን ልምድ? የትም ገብቶ አያውቅ!

ዛሬ ተራው የቀጮ ነበር። ቀጮ የመመረቂያ ሥራውን ከወንድሟ ጋር የሠራ የክፍል ጓደኛው ነው። አብረው ሠሩ ማለት እንኳ ለወንድሟ ማድላት ነው። ቀጮ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ኮዱን ሲጽፍ፣ ወንድሟ ሶፋው ላይ ተጋድሞ «በርታ፣ አንበሳ!» ይል ነበር።

«ሒሳብህ ነው ጉድ የሠራህ» አለ ገማቹ። «ሲ አለህ። እሷን ካዩ በኋላ ሌላውን ማን ያነብልሃል? ፋራ አትሁን፣ ተወው።»

«ማመልከቻው ዛሬ ማታ እኮ ነው የሚዘጋው። ሁሉንም ሞልቻለሁ፤ መላክ ብቻ ነው የቀረኝ» አለ ቀጮ።

«እንግዲህ እኔ ላንተው ብዬ ነው።»

ቀጮ ባትሪው ሊያልቅ የተቃረበውን ላፕቶፑን አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ሲወጣ ወንድሟን አመሰገነው፤ እሷን ከሁሉ በላይ ያናደዳት ይሄ ነው። በሩ እንደተዘጋ እርሳሷን አስቀምጣ ወደ ወንድሟ ሄደች።

«አንተ ሒሳብ ላይ ዲ አይደል እንዴ ያመጣኸው?»

«ቀስ በይ፣ አባዬ ይሰማል!»

«ታዲያ አንተ ስንት በመቶ ነህ?»

ወንድሟ ከፊቱ የተከፈተውን የራሱን ላፕቶፕ ለመክደን እጁን ሰደደ፤ ግን ዘገየ። ስክሪኑ ላይ ቀጮ የሚመኘው ዩኒቨርሲቲ ስም ተጽፏል፤ ከሥሩ ደግሞ «ማመልከቻዎ ደርሶናል» ይላል።

«ከኛ ትምህርት ክፍል ከአንድ ሰው በላይ ወስደው አያውቁም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እሱ ካመለከተ እኔን ማን ያየኛል? ደግሞ እሱ ሥራ አለው። አንቺ ልጅ ነሽ፣ አይገባሽም።»

በደንብ ገብቷታል። እስከ ዛሬ ወንድሟን ጉረኛ ነበር የምትለው፤ ጉረኛ እንኳ ይወደዳል። ይሄ ግን ፈሪ ነው፤ ያውም ፍርሃቱን በመቶኛ አስልቶ ጓደኛውን የሚያሸክም ፈሪ። ናቀችው። መናቋ ደግሞ አመማት፤ ወንድሟ ነዋ። ብትናገር ቤቱ ይታመሳል፤ እናቷ «የገዛ ወንድምሽን!» ትላታለች። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም።

ጫማዋን አጠለቀች።

«ወዴት ነው?»

ሮጣ ወጣች። ቀጮን አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ደረሰችበት።

«እሱም እዚያው አመልክቷል» አለችው እያለከለከች። «ሒሳቡ ደግሞ ካንተ ይብሳል።»

ቀጮ ትክ ብሎ አያት። «እርግጠኛ ነሽ?»

«በዓይኔ ነው ያየሁት።»

«ቢሆንስ፣ እኔ እንደምገባ በምን አወቅሽ?»

«አላወቅኩም። እኔ ስለ ዕድል የማውቀው ነገር የለም። እሱም አያውቅም።»

አውቶቡሱ መጥቶ በሩን ከፈተ። ቀጮ ግን አልተሳፈረም።

«የሰፈራችን ኢንተርኔት ጠዋት እንደሄደ ነው» አለ ለራሱ እንደሚያወራ።

«እኛ ቤት አለ።»

ወንድሟ ከተቀመጠበት አልተነሳም ነበር። ከኋላዋ የገባውን ሲያይ ፊቱ ልውጥውጥ አለ። ሊስቅ ሞክሮ ተወው። እሷ ደብተሮቿን ሰብስባ ጠረጴዛው ላይ ቦታ አመቻቸች፤ ከዚያ አጠገቡ ሄዳ ቆመች።

«ተነስለት፤ ቻርጀሩ የሚደርሰው እዚህ ጋ ብቻ ነው።»