የተነካው ፍሬን

የሞተር ሳይክል አሰልጣኙ ሬሳ ከሲሚንቶ ጫኝ መኪናው ሥር ወጥቶ ሸራ ሲለብስ፣ መርማሪዋ አስፋልቱን ነበር የምታየው። በመሥሪያ ቤቷ ከኋላዋ «ወይዘሮ ለምን» ይሏታል። ሰምታለች፤ ግድም አልሰጣት።

ዳገቱ አልቆ መንገዱ ወደ ቀኝ በሚታጠፍበት ቦታ፣ ከመታጠፊያው መሃል አንድ ጥቁር የጎማ መስመር ይጀምራል። ሁለት ጊዜ ይወላገድና ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ብረት የቧጨረው አስፋልት ብቻ ነው፣ ከተቃራኒው አቅጣጫ ይመጣ እስከነበረው መኪና ድረስ።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ የትራፊክ ፖሊሱ። «መታጠፊያ ውስጥ ፍሬን ያዘ፤ የኋላ ጎማው መዞር አቆመና ተንሸራተተ። ፍሬኑ ከመጠን በላይ ጠብቋል። መካኒኩን ይዘነዋል።»

«ለምን?»

«ታዲያ ፍሬን የሚያጠብቅ ሌላ ማን አለ? በቸልተኝነት ሰው መግደል ነው። ከሰዓት በኋላ ፋይሉን ለዐቃቤ ህግ እሰጣለሁ።»

መርማሪዋ ከወደቀው ሞተር አጠገብ ቁጢጥ አለች። ከእግር ፍሬኑ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ዘንግ ጫፉ ጥርስ አለው፤ ጥርሱ ላይ ፍሬኑን የሚያጠብቅና የሚያላላ ብሎን አለ። ዘንጉ በአቧራ ተለብጧል። ከብሎኑ ኋላ ያሉት ስድስት ጥርሶች ግን ያብለጨልጫሉ። ብሎኑ ለወራት የተቀመጠው እነሱ ላይ ነበርና አቧራ አላገኛቸውም። እንግዲህ የጠበቀው ዛሬ ነው።

ከዚያ የእግር ፍሬኑ ሲረገጥ የኋላውን ቀይ መብራት የሚያበራውን ሽቦ ስትከተል፣ ተቆርጦ በፕላስተር ተጠቅልሎ አገኘችው። ፕላስተሩን ስትፈታው የመዳቡ ጫፍ አረንጓዴ ዝገት አውጥቷል። ይሄኛው የዛሬ ሥራ አይደለም።

ማሰልጠኛው አንድ ግቢ ነው፦ ጠባብ ጋራዥ፣ መማሪያ ክፍል፣ መስኮቱ ወደ ሞተሮቹ ማቆሚያ የሚያይ ቢሮ። ሟቹ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «ፍሬናችሁን ከመታጠፊያው በፊት ጨርሱ! ከገባችሁ በኋላ አትንኩ!» እያለ ሲጮህ ሰፈሩ ሁሉ ቃሉን በቃሉ ይዞታል።

መጀመሪያ ያገኘችው ምክትል አሰልጣኙን ነው። ዓይኑ ደም መስሏል።

«ፍሬኑ ተነክቷል» አለችው።

«በጭራሽ!» አለና ከወንበሩ ተነሳ። «ጋሼ መታጠፊያ ውስጥ ፍሬን ሊነካ? እዚህ ከተቀጠርኩ አሥር ወር ሆኖኛል፤ በየቀኑ ከኋላው ነድቻለሁ። አንድ ቀን እንኳ የኋላ መብራቱ በርቶ አላየሁም። እንዲህ ብለው እንዳይጽፉበት፣ በእናትዎ!»

መካኒኩን ጣቢያ ሄዳ ጠየቀችው። እጁ ላይ ካቴና አለ፣ ጥፍሩ ውስጥ ግሪስ አለ።

«ፍሬኑ ተነክቷል።»

አንገቱን ደፋ። «ይነካ ነበራ። ጎማውን የሚይዘው የኋላ ፍሬን ሸራ ቶሎ ቶሎ ያልቅበታል። ‹መታጠፊያ ላይ ትነካለህ እንዴ?› ብዬ ብቀልድበት ተቆጣኝ። የተቆረጠውን የመብራት ሽቦ ልቀጥል ስልም ‹ተወው› አለኝ። ግን እኔ አላጠበቅኩም። ሦስት ልጆች አሉኝ እትዬ፤ እኔ ከገባሁ ማን አላቸው?»

 መርማሪዋ ቃሉን ጽፋ ወደ ማሰልጠኛው ተመለሰች።

ቢሮ ውስጥ መዝጋቢዋን አገኘቻት። ሃምሳውን የተሻገረች፣ ቃሏን የምትቆጥብ ሴት ናት። ያሳደገቻት የእህቷ ልጅ በዚሁ ማሰልጠኛ ስትማር ቆይታ፣ የዛሬ ዓመት ገደማ እዚያው መታጠፊያ ላይ ወድቃ ሞታለች። የያኔው ምርመራ «የአሽከርካሪዋ ጥፋት፤ መታጠፊያ ውስጥ ፍሬን ይዛለች» ብሎ ተዘጋ። መዝጋቢዋ ሐዘኗን ጨርሳ ወደ ሥራዋ ስትመለስ ሰው ሁሉ ትዕግሥቷን አደነቀ።

«ፍሬኑ ተነክቷል» አለቻት መርማሪዋ።

«ማን ይነካዋል?» አለች መዝጋቢዋ። «ሞተሩ ጠዋት እዚህ መስኮቴ ሥር ነበር የቆመው። ሰው ሲጠጋው አላየሁም።»

መርማሪዋ አመስግና ወጣች። በሩ ላይ ስትደርስ እግሯ ለአፍታ ቆመ።

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉም መማሪያ ክፍሉ ውስጥ ተቀመጡ። መካኒኩ ከነካቴናው፣ የትራፊክ ፖሊሱ ፋይሉን ጭኑ ላይ ይዞ። የሟቹ ሚስት ከሆስፒታል የሌሊት ተራዋ ሳትመለስ ነው መርዶው የደረሳት፤ የነርስ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም። ሰሌዳው ላይ ሟቹ ትናንት በጠመኔ የሣለው መታጠፊያ አለ።

«ከእርስዎ ልጀምር» አለች መርማሪዋ ወደ ሚስትየው ዞራ። «ከኋላው ተቀምጠው ስንት ዓመት ሄደዋል?»

«አሥራ አምስት።»

«መታጠፊያ ውስጥ ፍሬን ይነካ ነበር?»

ሴትየዋ መሬት መሬት አየች። «በእግሩ። ነካ ብቻ ያደርገዋል፣ ሞተሩን ለማረጋጋት። ለጀማሪ አደገኛ ነው ይል ነበር።»

«በጭራሽ!» አለ ምክትሉ።

«አንተ አልዋሸህም» አለችው መርማሪዋ። «መብራት ያላየኸው ሽቦው ስለተቆረጠ ነው። ዝገቱ የአንድ ዓመት ያህል ነው፤ አንተ ከመቀጠርህ በፊት ማለት ነው። የቆረጠው ራሱ ሟቹ ነው። ለምን? የዛሬ ዓመት አንዲት ተማሪ ሞተችበትና ‹እኔ በሕይወቴ ነክቼ አላውቅም› ብሎ ማለ። ከዚያ በኋላ መብራቱ እንዲያሳብቅበት አልፈለገም።»



«ወደ ዛሬ ልምጣ። ከዚህ እስከ መታጠፊያው ዳገት ነው፤ ፍሬን መያዝ አያስፈልግም። ቀጥ ባለ መንገድም በእጅ በሚያዘው በፊተኛው ፍሬን ብቻ እንደሚያቆም ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እግሩን መጀመሪያ ያሳረፈው መታጠፊያው ውስጥ ነው። እንደ ልማዱ ነካ አደረገው፤ ፍሬኑ ግን ጠብቆ ነበርና ጎማውን ጨምድዶ ያዘው። ይህን ያሰበ ሰው ሁለት ነገር ማወቅ አለበት፦ ብሎኑን ማዞር፣ እና ሰውየው በድብቅ እንደሚነካ።»

«መካኒኩ ሁለቱንም ያውቃል!» አለ ፖሊሱ።

«ያውቃል። ግን ይህ ብሎን አንድ በኩሉ እንደ ግማሽ ጨረቃ ጎድጉዷል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ካጠበቀው በኋላ፣ ጉድጓዱ ከፊቱ ባለው ክብ ብረት ላይ ገጭ ብሎ እስኪቀመጥ ያስተካክለዋል። ይሄኛው ተጣሞ ነው የቀረው። መካኒክ እንዲህ አይተውም፤ ጠዋት ጠዋት የተማሪ ሞተር የሚያስተካክለው ምክትሉም አይተውም። ሲሠራ በሩቁ ያየ፣ በእጁ ግን ሠርቶ የማያውቅ ሰው ነው።»

መዝጋቢዋ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ተቀምጣለች።

«ለሦስታችሁም አንድ ቃል ነገርኳችሁ፤ ‹ፍሬኑ ተነክቷል› አልኩ። መጀመሪያ ያልኩት ሳላስብ ነው። በዚህ ግቢ ቋንቋ ፍሬን የሚነካው ነጂው ነው። ምክትሉ ‹ጋሼ አይነካም› አለ፣ መካኒኩ ‹ይነካ ነበር› አለ። እርስዎ ብቻ ‹ማን ይነካዋል? ሰው ሲጠጋው አላየሁም› አሉኝ። መካኒኩ የተያዘው በቸልተኝነት ነው፤ ዛሬ ጠዋት ሞተሩ ላይ ሰው ሆን ብሎ እጁን እንዳሳረፈበት ግን ገና ለማንም አልተናገርኩም ነበር።»

መዝጋቢዋ አልካደችም። ለመካድም የደከማት ትመስላለች።

«ልጄ ከኋላው ስትነዳ መብራቱን አይታ ነበር» አለች። «‹አክስቴ፣ መምህሩ ራሱ ይነካል፤ እኔም እንደሱ ነው የማደርገው› አለችኝ። ስትሞት ‹ያላስተማርኳትን አደረገች› ብሎ ፈረመባት። ለብቻው ለመንኩት። ‹ተሳስታ ያየችው ነው› አለኝ። ዛሬ ልጨርሰው አልነበረም። ወድቆ እንዲነሳና አፉን ሞልቶ ‹እኔም እነካለሁ› እንዲል ነበር የፈለግኩት። መኪናውን አላሰብኩትም።»

መርማሪዋ ለፖሊሱ ምልክት ሰጠች። የመካኒኩ ካቴና ተፈታ፤ ሰውየው ግን ከወንበሩ አልተነሳም፤ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ።

«የልጅቷ ፋይል እንደገና ይከፈታል» አለች መርማሪዋ። «ጥፋቱ የእሷ ብቻ እንዳልነበር ይጻፋል። ለእርስዎ ጉዳይ ብዙ አይጠቅምም።»

«ይጻፍ ብቻ» አለች መዝጋቢዋና ካቴናው እንዲገባላት እጇን ዘረጋች።

ይኼኔ ሚስትየው ከተቀመጠችበት ተነሳች። «እኔ አውቅ አልነበረም?» አለች ወደ መዝጋቢዋ ዞራ። «ምናለ ብትጠይቂኝ! እነግርሽ ነበር እኮ!»

መዝጋቢዋ ዞር አለች።

«ልጄን የቀበርን ዕለት ጠይቄሽ ነበር» አለች። «‹ተይው አሁን፣ ፊትሽን ታጠቢ› አልሽኝ።»

ሚስትየው መልሳ ተቀመጠች። ፖሊሱ መዝጋቢዋን በክንዷ ይዞ ወደ መኪናው ወሰዳት።