የሜላት ጉልበትና የያፌት ትንፋሽ

ስሙኝማ ልጆች፣ ሜላት የምትባል አንዲት ቀናተኛ ልጅ ነበረች። ሜላት ስድስት ዓመቷ ነው፤ ታናሽ ወንድሟ ያፌት ደግሞ ሦስት።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሜላት ገመድ ስትዘል «ዷ!» ብላ ወደቀች። ጉልበቷ ተላጠ፤ ትንሽም ደማ።

«እማዬ፣ ጉልበቴ!» እያለች ወደ ቤት ሮጠች። እማዬ ግን ቀና ብላ እንኳን አላየቻትም።

እማዬ ያፌትን አቅፋ ደረቱን ታይ ነበር። ጠዋት ጉንፋን ብቻ ነበር፤ አሁን ግን ሲተነፍስ «ሲርርር… ሲርርር…» ይላል።

«ይሄ ለጤና ጣቢያ አይሆንም፤ ሆስፒታል፣ ድንገተኛ ክፍል ልውሰደው» አለች እማዬ።

«እኔስ?» አለች ሜላት።

«አንቺን አባዬ ጤና ጣቢያ ይወስድሻል» አለች እማዬ፣ ነጠላዋን እያነሳች።

ባጃጁ «ድርርርር!» ብሎ መጣ። ጎረቤታቸው እትዬ ዘርፌ ብቅ ብለው፣ «እግዜር ይማርህ፣ የኔ ጌታ» አሉት ያፌትን።

«እኔስ?» አለች ሜላት። ማንም አልሰማትም፤ ባጃጁም «ድርርርር!» ብሎ ሄደ።

ሜላት በቅናት በገነች። ያፌት በባጃጅ፣ እሷ በእግሯ። ያፌት ትልቁ ሆስፒታል፣ እሷ ትንሿ ጤና ጣቢያ። እማዬም የያፌት፣ «ይማርህ»ም የያፌት።

አባዬ እጇን ይዞ ቀስ እያለ ወሰዳት። እሷም ለምቦጯን ጥላ እያነከሰች ሄደች።

መንገድ ላይ ግን አንድ ተንኮል አሰበች።

ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ሲስተር ብርቅነሽ ጉልበቷን ልታይ ጎንበስ አለች። ይሄኔ ሜላት፣ «ሲርርር… ሲርርር…» አለች።

«መተንፈስ አቃተኝ» አለች። «እኔንም ሆስፒታል ውሰዱኝ። በባጃጅ።»

አባዬ ደነገጠ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። «ወንድሟም እንዲህ ሲል ነው እናቷ ድንገተኛ ክፍል የወሰደችው» አለ።

ሲስተር ብርቅነሽ ማዳመጫዋን የሜላት ደረት ላይ አደረገች። ማዳመጫው ይቀዘቅዛል።

«እስኪ አፍሽን ዝጊና በአፍንጫሽ ተንፍሺ።»

ሜላት በአፍንጫዋ ተነፈሰች። «ሲርርር» የለም።

«ድምፁ የት ሄደ?» አለች ሲስተር ብርቅነሽ።

«አቆምኩት» አለች ሜላት፣ መሬት መሬቱን እያየች።

«አየሽ፣ ወንድምሽ ግን ላቁመው ቢልም አይችልም። የተላጠ ጉልበት ተራውን ይጠብቃል። ትንፋሽ ግን አይጠብቅም። ለዚህ ነው እናትሽ ወደ ሆስፒታል የሮጠችው።»

ሜላት ቀና ብላ አየቻት። ላቁመው ቢልም አይችልም?

«ያፌትስ?» አለች። «አባዬ፣ ያፌትስ?»

አባዬ ለእማዬ ደወለ። «ቶሎ ደርሰናል፤ መድኃኒት በጭንብል እየሰጡት ነው። አሁን ተሽሎታል» አለች እማዬ በስልክ።

ሲስተር ብርቅነሽ ጉልበቷን በውኃና በሳሙና አጠበችላት። «እሽሽሽ!» አለች ሜላት፤ ቆጥቁጧታል።

ከዚያ ነጭ ፋሻ ጠመጠመችላትና፣ «እግዜር ይማርሽ፣ የኔ ጎበዝ» አለቻት። ሜላትን ደስ አላት።

አመሻሽ ላይ እማዬና ያፌት ወደ ቤት ተመለሱ። ያፌት በደንብ እየተነፈሰ ነው፤ ዳቦም ይገምጣል።

ወዲያው ግን የሜላትን ፋሻ አየ። «ነጩን ለኔም!» ብሎ እሪ አለ።

«እንግዲህ ይሄን ደግሞ በምን እናባብለው?» አለች እማዬ።

ሜላት ቅናት እንዴት እንደሚያቃጥል ታውቃለች። የፀጉሯን ሪባን ፈታችና በያፌት ጉልበት ላይ ጠመጠመችለት። ያፌትም እንደ ቁስለኛ እያነከሰ ወደ አልጋው ሄደ።

እማዬ ያን ጊዜ ሜላትን ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት። ፋሻውን በእጇ ዳሰስ አድርጋ፣ «አመመሽ እንዴ፣ የኔ እናት?» አለቻት።

«ትንሽ» አለች ሜላት። «አንቺ ስትሄጂ ነው ብዙ ያመመኝ።»

እማዬ እቅፍ አደረገቻት፤ እንቅልፍ እስኪወስዳትም አልለቀቀቻትም።